ልጄ በስልኬ ዓይን የ76 ዓመት አሮጊት ነው

ይድረስ፦ ስልካችንን «እንካ፣ ተጫወትና ዝም በል» ብለን ለምንሰጥ እናቶች፣ አባቶች፣ አክስቶች፣ አጎቶችና አያቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የአዋቂ አካውንት ለሕፃን ስለማዋስ

ሰላም ለናንተ ይሁን።

ይህን የምጽፈው ከጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ተኝቷል። ስልኬ ቻርጅ ላይ ነው። የዛሬ ሦስት ወር ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰዓት ሁለቱም አይተኙም ነበር።

አንድ እሁድ ማታ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው። ልጄ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በስልኬ ይጫወታል። ድንገት፣

«ማሚ፣ ስናፕ አለን?» አለኝ።

«ምን ልታደርግበት?»

«ጓደኛዬ ስናፕ አለህ ወይ አለኝ።»

«የትኛው ጓደኛህ?»

«የጌም።»

ሽንኩርቱ አረረ። ስልኩን ተቀብዬ የተጻጻፉትን አነበብኩ። ረጅም አይደለም። ሰውየው (ሰውየው እላለሁ እንጂ ልጅም ሊሆን ይችላል) መጀመሪያ ጨዋታውን አደነቀለት። ቀጥሎ ከየት አገር እንደሆነ ጠየቀው። ከዚያ ስጦታ ላከለት። ከዚያ ስናፕቻት (ፎቶና መልእክት መላላኪያ አፕ ነው) ጠየቀው። ልጄ በዚያች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው «ያ»፣ «ኦኬ»፣ «ኢትዮጵያ» እያለ መልሷል። አራት ቀን ሙሉ ተጻጽፈዋል። እኔ አራቱንም ቀን አጠገቡ ነበርኩ።

ሰውየውን ብሎክ አደረግኩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የጌሙ ገጽ ላይ ለልጆች ጥበቃ አለን የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ። ታዲያ ጥበቃው የት ሄደ? ቅንብሩን (ሴቲንግ የሚባለውን) ከፍቼ ስፈልግ የልደት ቀን የሚል ቦታ አገኘሁ። ጃንዋሪ 1፣ 1950 ይላል።

1950!

ነገሩን ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ስልኩን የገዛሁ ቀን ጂሜይል የከፈተልኝ የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። ፕሌይ ስቶር ያለ ኢሜይል አይከፈትም አለኝ፤ ክፈትልኝ አልኩት። ስሜን ጠየቀኝ። ልደቴን አልጠየቀኝም። ወረፋ ነበረ፣ ጣቱ የደረሰበትን ዓመት ነክቶ አለፈ። ስንቶቻችን ነን ኢሜይላችንን የሞባይል ቤት ልጅ የከፈተልን? ፓስወርዱንስ ስንቶቻችን እናውቀዋለን? እኔ በዚያ ቀን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። ወረቀቱ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ በስልኬ መዝገብ እኔ የ76 ዓመት አሮጊት ነኝ። ልጄም በኔ አካውንት ስለሚጫወት እሱም የ76 ዓመት አሮጊት ነው። አንድ የማያውቁት ሰው ለ76 ዓመት አሮጊት መልእክት ቢልክ ማን ይከለክለዋል? አዋቂ ከአዋቂ ጋር እያወራ ነው።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ጌሙ ልጃችንን አያየውም። የሚያየው የተጻፈለትን የልደት ቀን ነው። የልጅ ጥበቃ የሚባለው ነገር አብዛኛው በዚያች ቀን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማን ሊያወራው ይችላል፣ ምን ማስታወቂያ ይታየዋል፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ መግዛት ይችላል ወይ፣ የትኛው ጌም ይከፈትለታል፣ ሁሉም። እኛ የራሳችንን ልደት ስናውሰው ያንን ሁሉ በገዛ እጃችን አጥፍተን ነው የምንሰጠው። አንድ አዋቂ ለሕፃን እየጻፈ መሆኑን የሚጠረጥር ሶፍትዌር ቢኖራቸው እንኳ እዚህ ጋ ላይጮህ ይችላል። የሚጮህበት ሕፃን መዝገቡ ላይ የለማ።

ኩባንያዎቹን ለማሞገስ አይደለም። እነሱም ወደው አልጀመሩትም። ልደት መጠየቅ የተለመደው በአሜሪካ ሕግ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ አላቸው፤ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በኢንተርኔት መሰብሰብ ይከለክላል። ያቺ በየአፑ የምናያት 13 የምትባል ቁጥር ከዚያ የመጣች ናት። ሕግም እያለ ግን ይጥሱታል። ፎርትናይት የተባለው ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር ነው የተስማማው። 275 ሚሊዮኑ የልጆችን መረጃ በተመለከተ የተጣለ ቅጣት ነው። 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉ እንዲገዙ ለተደረጉ ተጫዋቾች የሚመለስ። ከክሶቹ አንዱ የድምፅና የጽሑፍ ወሬው ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ ልጆችን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ማገናኘቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በፎርትናይት ዕድሜው ከ13 በታች ነው ያለ ልጅ፣ ወላጁ እስኪፈቅድለት ድረስ በድምፅ ማውራትም በገንዘብ መግዛትም ተዘግቶበት ነው የሚገባው። ለዚህ ሁሉ ግን ልጁ ልጅ ነኝ ብሎ መግባት አለበት። በ1950 የተወለደ ሰው ሆኖ ከገባ ያ ሁሉ ክስና ቅጣት ለሱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

እዚህ ላይ የኛን የአገራችንን ጉድ ልንገራችሁ። ይህን የፈረንጅ ወላጅ አይገጥመውም።

ልጄ የተወለደው በጥቅምት 2009 ነው። በኛ አቆጣጠር። አዲስ አካውንት ልከፍትለት ተቀመጥኩና ቅን ሆኜ 2009 ብዬ ሞላሁ። ስልኩ ምንም አላለም። አለፈ። ወሬውም ክፍት፣ ሁሉም ክፍት። ግራ ገባኝ። ትንሽ ቆይቼ ነው የገባኝ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ ስለዚህ ልጄን የ16 ዓመት ጎረምሳ አድርጌዋለሁ። በፈረንጅ ልጄ የተወለደው 2016 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ልጅ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ለተወለደ ስምንት ዓመት መጨመር ያስፈልጋል። ሳንዋሽ፣ እውነቱን ሞልተን፣ ልጆቻችንን ሰባትና ስምንት ዓመት አሳድገናቸው ይሆናል። እስቲ ዛሬ ማታ አንዴ እዩት።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እኔ መጀመሪያ የነቃሁት በገንዘብ ነበር፣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆምኩት።

አምና ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በሰው ሻንጣ ታብሌት ላከችለት። ራሷ ስትጠቀምበት የነበረ ነው። አጽድታ ልካዋለች፣ አዲስ ይመስላል። መስታወቱን አጸዳች እንጂ ከአካውንቷ አልወጣችም። ካርዷም እዚያው ተቀምጧል። ልጄ ምኑን ያውቃል? ጌሙ ውስጥ አንድ ሳጥን ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይነካዋል፣ ይከፈታል፣ ውስጡ ሰይፍ አለ። ሰይፉ ስንት እንደሆነ የተጻፈው በብርም በዶላርም አይደለም። በእንቁ ነው። አሥራ ሁለት መቶ እንቁ ስንት ብር እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እንኳን እሱ።

አንድ ቀን እህቴ ያለወትሮዋ በሌሊቷ ደወለች። «አንቺ፣ 212 ዶላር የምን ጌም ነው?» አለችኝ። እህቴ የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። 212 ዶላር ስንት ሰዓት በእግሯ ቆማ የምታገኘው እንደሆነ አውቃለሁ። ጽፋ፣ ተጻጽፋ፣ ግማሹ ተመለሰላት። በልጄ ላይ አልተቆጣችም። እኔ ላይም አልተቆጣችም። ያ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ይህ በኛ ቤት የተጀመረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አፕል በዚሁ ጉዳይ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች ለመመለስ ተስማምቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጅ አንዴ ፓስወርድ ካስገባ በኋላ በሩ ለ15 ደቂቃ ክፍት ይቆያል። በነዚያ 15 ደቂቃዎች ልጁ የፈለገውን ያህል ይገዛል። ይህን ለወላጁ የነገረው የለም። ጉግልም በዚያው ዓመት 19 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ፤ የሱ በር ክፍት የሚቆየው ለ30 ደቂቃ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ጋ ለእያንዳንዱ ግዢ ፓስወርድ እንዲጠየቅ ማድረግ ይቻላል። ቅንብሩ ውስጥ አለ። ፈልጉት።

እኔና እህቴ ግን ምን አደረግን? ካርዱን አጠፋን። አካውንቱን ተውነው። ጉዳዩ የገንዘብ መሰለን። ካርድ ከሌለ ምን ሊያመጣ ይችላል አልን። ታብሌቱ በኋላ ወድቆ ሲሰበር ስልኬ ተተካ፣ ያው አዋቂ አካውንት። «እኔ ጋ ካርድ የለም፣ ቴሌብር ብቻ ነው፣ የሚስጥር ቁጥሩን አያውቅም» ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ። (የሚስጥር ቁጥሩን ያውቀዋል። አስቤዛ ስንገዛ አጠገቤ ሆኖ ስንቴ አይቶታል።)

ካርድ የሌለን እኛ የምንጠመድበት ሌላ መንገድ አለ። ልጆቹ ዲያመንድና ዩሲ (የጌም ውስጥ ገንዘብ ናቸው) የሚገዙት ከቴሌግራም ነው። ብር በቴሌብር ትልካለህ፣ ሻጩ ይሞላልሃል። ብዙዎቹ የተጫዋች ቁጥር ብቻ ነው የሚጠይቁት። አንዳንዶቹ ግን «በአካውንትህ ገብቼ ልሙላልህ፣ ኢሜይልና ፓስወርድ ላክ» ይላሉ። ልጁ ይልካል። ለሱ የጌም ፓስወርድ ነው። ለእናቱ ግን የፌስቡኳ፣ የጂሜይሏ፣ የፎቶዎቿ ቁልፍ ነው። ጎረቤቴ ፌስቡኳን ያጣችው በዚህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በስሟ «ቸግሮኛል፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ» ተብሎ ለዘመድ ሁሉ ተጽፏል። አንድ አጎቷ ልኳል። ልጇ እስከ ዛሬ ለዚያ አጎት ሰላም ሲል አንገቱን ይደፋል።

ደግሞም ልጁ በናንተ ስም ነው የሚኖረው። ቢሳደብ እናንተ ተሳደባችሁ። ቢያጭበረብር እናንተ አጭበረበራችሁ። አካውንቱ ቢዘጋ የሚዘጋው የናንተ ነው። ማስታወቂያውም ለናንተ ዕድሜ የሚመጣ ነው። ልጄ አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ማሚ፣ ኦድ ምንድን ነው?» ብሎኛል። ጌሙ መሀል የውርርድ ማስታወቂያ እየመጣለት ነበር። የኔ ዩቲዩብ በበኩሉ ስለ ዳይኖሰር ካልሆነ ምንም አያሳየኝም። ይሄኛውን ችዬዋለሁ።

«መንግሥት ለምን አይከለክለውም?» የሚለኝ ሰው አለ። ባለቤቴ ነው። ከልክለው ያዩ አገሮች አሉ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ ከለከለች። ልጆቹ የእናትና የአባታቸውን የመታወቂያ ቁጥር እያስገቡ ተጫወቱ። ሕጉ በ2022 መጀመሪያ ቀረ። ቻይና በ2021 ከዚያም ብሳ መጣች። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓል ቀን፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ይጫወት አለች። በቃ፣ በቀን አንድ ሰዓት። ወዲያው ሰሞን የቻይና ኢንተርኔት በአንድ ወሬ ሳቀ። በ60 ዓመት ሰው ስም የተመዘገበ አካውንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በአንድ ጨዋታ አምስት ተጋጣሚ ጣለ። የጌሙ ኩባንያ ቢያጣራ አካውንቱ የፊት ማረጋገጫውንም አልፏል።

እኔ ሳነበው አልሳቅኩም። በ1950 የተወለድኩት እኔ ነኛ።

ፊት ካልን፣ አዲሱ ነገር እሱ ነው። ሮብሎክስ የተባለው የጌም መድረክ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ማውራት የሚፈልግ ሰው ፊቱን በካሜራ እንዲያሳይ ወይም መታወቂያ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ሶፍትዌሩ ፊቱን አይቶ ዕድሜውን ይገምትና ከስድስት ክፍል በአንዱ ይመድበዋል። የመጀመሪያው ከ9 ዓመት በታች ነው፣ የመጨረሻው 21 እና ከዚያ በላይ። ልጅ ከእኩዮቹና ከቅርብ ዕድሜ ልጆች ጋር እንዲያወራ ታስቦ ነው። ጥሩ ነው እንበል። ወዲያው ምን ሆነ? ወላጆች የልጃቸውን ፊት ትተው የራሳቸውን አሳዩ። ልጆቹም 21 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ክፍል ገቡ። ይህን ኩባንያው ራሱ አምኖ ተናግሯል።

እንዴት እንደሚሆን በደንብ ይታየኛል። ምድጃው ላይ ናችሁ። ልጁ እየሮጠ ይመጣል። «ማሚ፣ እስቲ ወደዚህ እዪ፣ ራስሽን ወደ ቀኝ አዙሪ፣ ወደ ግራ አዙሪ» ይላችኋል። ፎቶ የሚያነሳችሁ መስሏችሁ ፈገግ ትላላችሁ። በቃ፣ አለቀ። ፊታችሁን አበደራችሁት።

አሁን ለምን እንደምናውስ እንነጋገር። ስንፍና ነው የሚሉኝን አልስማማም። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ግቢው ውስጥ ኳስ ሲመታ የመኪና ባለቤት ይጮኻል። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው። ለልጅ አካውንት ክፈቱ ይላሉ። ስትከፍቱት እንግሊዝኛ ነው፣ ገጹ አያልቅም፣ ኮድ በኢሜይል ይላክልሃል ይላል፣ ኢሜይሉን የሚያውቀው የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። ልጁ ደግሞ እያለቀሰ ነው። የኔ ስልክ ላይ ሲሆን በአንድ ንክኪ ይከፈታል። ማን ነው በዚህ መሀል ስለ ልደት ቀን የሚያስበው?

ጌም ጠላቴም አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ልጄ ከአክስቱ ልጅ ጋር ይጫወታል። ሜሪላንድ ያኔ ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ያኛው በፒጃማው ነው የሚመጣው። በአካል የተገናኙት አንዴ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ዳይፐር ላይ ሳሉ። አማርኛ የማይችል ልጅ ከኔ ልጅ ጋር «ና፣ ና፣ በዚህ!» ብሎ መጮኽ የለመደው በዚያ ጌም ነው። ይህንን ላጠፋበት አልፈልግም። እህቴም አትፈልግም።

ስለዚህ ምን አደረግኩ? ለብቻው አካውንት ከፈትኩለት፣ ልደቱን በፈረንጅ ሞላሁ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብኝ። መጀመሪያ የራሴን ጂሜይል ፓስወርድ ማስመለስ ነበረብኝ። ከዚያ የልጁን አካውንት ከኔ ጋር አገናኘሁት፤ አዲስ ጌም ሲያወርድ ወደኔ ጥያቄ ይመጣል። ወሬውን ለጓደኛ ብቻ አደረግኩ፣ ጓደኛ ዝርዝሩ ላይ የአክስቱ ልጅና ሁለት የክፍሉ ልጆች አሉ። የሁለቱን እናቶች ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ሳቁብኝ፣ ይሳቁ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። በኔ አካውንት ላይ ያጠራቀመው ሁሉ እዚያው ቀረ። ደረጃው፣ ልብሶቹ፣ ያ የ212 ዶላሩ ሰይፍ የሚመስል ሌላ ሰይፍ። ወደ አዲሱ አይዛወርም። ሁለት ቀን አለቀሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለኔ ጥቂት ምስሎች ናቸው፣ ለሱ ግን የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ጥፋቱ የኔ ነበረ፣ ከፋዩ ግን እሱ ሆነ። ልጃችሁ ገና ካልጀመረ ዛሬ አድርጉት የምለው ለዚህ ነው። በቆየ ቁጥር የሚጥለው ይበዛል።

ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ እናቴ ዘንድ ኮልፌ አደረ። ሰኞ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። እናቴን ብጠይቃት «ምን ላድርገው፣ እማማ ስልክሽን ብሎ ለመነኝ፣ የኔ አሮጌ ስልክ ነው፣ ምንም የለበትም» አለችኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ያ የቻይናው ወሬ ኮልፌ ድረስ መጣ ማለት ነው። እሷንም አስቀምጬ አስረዳኋት። ስለ አካውንትና ስለ ልደት ስነግራት ብዙም አልመሰጣት። የማያውቀው ሰው ስጦታ ልኮለት እንደነበር ስነግራት ግን ስልኳን አንስታ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ለቢሮዎችም አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ ደብዳቤው ግልጽ ነውና።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆይ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ ተቆጣጣሪ የሆናችሁት እናንተ ናችሁ። የምለምናችሁ ከልካይ ሕግ አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሌሎቹም። ስልክ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። «የደንበኛውን ትክክለኛ ልደት በፈረንጅ አቆጣጠር ሙላ፣ ፓስወርዱን ራሱ ይጻፈው፣ ለልጅ ከሆነ የልጅ አካውንት ክፈት» ቢል ይበቃል።

ጌም የምትሠሩ ኩባንያዎች፣ ይህን እንደማታነቡት አውቃለሁ። ግን የልደት መጠየቂያው ሥር ለኛ አገር «በፈረንጅ አቆጣጠር» የሚል ሁለት ቃል መጻፍ ስንት ያስወጣችኋል? የልጅ አካውንት መክፈትም እንቁ መግዛትን ያህል ቢቀልስ? አንዱ አንድ ንክኪ፣ አንዱ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ነው።

ልጄ አዲሱን አካውንት እየለመደው ነው። አንዳንድ ጌም አይከፈትለትም፣ ይበሳጫል። ትናንት «ማሚ፣ አሁን እኮ ማንም አያወራኝም» አለኝ። አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ። «እሺ፣ እኔን አስተምረኝ» አልኩት። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ሞትኩ። እየሳቀ ከሶፋው ወደቀ።

ከሰላምታ ጋር፣

የአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት
(በስልኳ መዝገብ ግን እስካሁን የ76 ዓመት አሮጊት፤ የራሷን ለማስተካከል ሌላ ቅዳሜ ትጠብቃለች)

ግልባጭ፦
ለሞባይል ቤቱ ልጅ፣ አልተቀየምኩህም፣ ወረፋ ነበረብህ፤
ሜሪላንድ ላለችው እህቴ፣ ቀጣዩን ታብሌት ከመላክሽ በፊት ከአካውንትሽ ውጪ፤
ኮልፌ ላለችው እናቴ፣ ቢያለቅስም እንዳትሰጪው።